መርፌና ክር ብቻቸውን ንግድ አይሆኑም፤ አማካሪ ለልብስ ስፌት ሥራ የሚሰጠው ጥቅም



በመጠለያችን የስፌት መኪና ያላቸው ወይም ተከራይተው የሚሠሩ ወገኖች ጥቂት አይደሉም። ሥራ ጀምረው በወራት ውስጥ ያቆሙትም እንዲሁ ብዙ ናቸው። የራሽን እህል ሸጦ ጨርቅ የገዛ ሰው ሲከስር የሚጎዳው እርሱ ብቻ ሳይሆን መላው ቤተሰቡ ነው። ስለዚህ በዚህ እትማችን አነስተኛ የስፌት ሥራ እንዴት እንደሚያድግ፣ በተለይም ሥራውን ከሚያውቅ አማካሪ ምን ዓይነት እርዳታ እንደሚገኝ ለማስረዳት እንሞክራለን።

ጥሬ ዕቃው በአጠገባችን ነው

ሞያሌ ከአዲስ አበባና ከናይሮቢ የሚመጡት መንገዶች የሚገናኙባት ከተማ ናት። እኛ ሳልባጅ፣ ኬንያውያን ሚቱምባ የሚሉት አሮጌ ልብስ በገበያ ይገኛል። ያረጀ የመኪና ጎማም አይታጣም። ይህ ሁሉ ከሚጣል ወይም ከሚቃጠል ተፈትቶ እንደገና ቢሠራ ገንዘብ ያወጣል። ዛሬ በዓለም ገበያ «ዘላቂ ፋሽን» የሚባለውም በመሠረቱ ይኸው ነው። ይህም ማለት ዕቃ ሳያባክኑ ቶሎ የማያልቅ ልብስ ወይም ጫማ መሥራትና ለሠሪው ተገቢውን ዋጋ መክፈል ነው።

ወይዘሮ ቤተልሔም ጥላሁን እ.ኤ.አ. በ2004 በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሰፈር ሶልሬብልስ የተባለውን የጫማ ድርጅት ሲያቋቁሙ መነሻቸው ሁላችንም የምናውቀው በረባሶ ነበር። ሶሉን ከአሮጌ ጎማ፣ የላዩን ደግሞ በእጅ ከተፈተለና ከተሸመነ ጥጥ እያሠሩ፣ በአምስት ሠራተኞች የጀመሩት ሥራ ውጭ አገር ገበያ ደረሰ። በረባሶ የሚሠራ ሰው ከዚያ በፊትም ሞልቶ ነበር። አዲሱ ነገር ቁጥሩን የጠበቀ ልክ፣ ንጹህ አጨራረስና ገዢው የሚፈልገውን ማወቅ ነው።

አማካሪ ምን ያደርጋል?

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንዲት እህት ከአሮጌ ጂንስ ሱሪ የተማሪ ቦርሳ ትሰፋለች እንበል። ሱሪው 100፣ ዚፕና ክር 60፣ የመኪና ኪራይ 20፣ በድምሩ 180 ሽልንግ ታወጣለች። ቦርሳውን በ250 ስትሸጥ 70 ሽልንግ ያተረፈች ይመስላታል። ነገር ግን ሥራው አራት ሰዓት ከፈጀ፣ የአንድ ሰዓት ድካሟ ዋጋ 18 ሽልንግ እንኳ አልሞላም። የተበላሸና ሳይሸጥ የቀረ ቦርሳም ሲታሰብ ኪሳራ ነው።

ልምድ ያለው ባለሙያ ይህን ሲያይ ዋጋ ጨምሪ አይላትም። በመጀመሪያ ልኩን በካርቶን ቆርጣ ከአንድ ሱሪ ሁለት ቦርሳ እንድታወጣ፣ ቀጥሎም የብዙ ቦርሳ ጨርቅ በአንድ ጊዜ እንድትቆርጥ፣ ዚፑንም በደርዘን እንድትገዛ ያሳያታል። በዚህ ዓይነት ለአንዱ ቦርሳ ጨርቁ 50፣ ዚፕና ክሩ 45፣ ኪራዩ 10፣ በድምሩ 105 ሽልንግ ይሆናል። ሥራው በሁለት ሰዓት ካለቀ በ250 ሽልንጉ ሽያጭ 145 ሽልንግ ይተርፋታል። መኪናው ያው ነው፣ ገበያውም ያው ነው፤ የተለወጠው አሠራሩ ነው። «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» የሚባለውም ለዚህ ነው።

የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2018 ያስጀመረው ሜድ ፊፍቲ ዋን የተባለ ፕሮግራምም በዚሁ ሐሳብ ላይ የተመሠረተ ነው። ስሙ የተወሰደው ከ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት ሲሆን፣ የእጅ ሙያ ያላቸውን ስደተኞች በሚኖሩበት አገር ከሚገኙ ድርጅቶች ጋር ያገናኛል። ድርጅቶቹ በዲዛይን፣ በጥራት ቁጥጥርና ገዢ በማፈላለግ ይረዳሉ።

አማካሪ ስትመርጡ

1. በሙያው የኖረ ሰው ፈልጉ። በከተማው ለዓመታት የሰፋ ልብስ ሰፊ ከአንደበተ ርቱዕ ሰው ይበልጣል።

2. በሳምንት አንድ ቀን ቁረጡ። የገዛችሁትን፣ የሸጣችሁትንና የሠራችሁበትን ሰዓት በደብተር ጽፋችሁ አሳዩት።

3. ገንዘባችሁን አማካሪው አይያዝ። የመመዝገቢያ ክፍያ ወይም መታወቂያችሁን በመያዣ የሚጠይቅ አማካሪ አይደለም።

4. በምክር ስም ሌላ ነገር የሚፈልግ ሰው ቢያጋጥማችሁ ሳታፍሩ ለጥበቃ ክፍል አስታውቁ።

5. ጊዜውን ወስኑ። ለምሳሌ ከስድስት ወር በኋላ ያለ እርሱ መሥራት ካልቻላችሁ ምክሩ ምን እንደጎደለው አብራችሁ መርምሩ።

ስለ ፈቃድና ስለ መነሻ ገንዘብ

በኬንያ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የስደተኞች ሕግ ሁኔታዎችን ያሟላ ስደተኛ እንዲሠራ ይፈቅዳል። ሆኖም የንግድ ፈቃድ የሚሰጠው የካውንቲው አስተዳደር ነው፤ ከተወሰነላችሁ አካባቢ ርቆ ለመሸጥም የመንቀሳቀሻ ፈቃድ ያስፈልጋል። ዕቃችሁ በመንገድ እንዳይያዝ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ለመነሻ ገንዘብ ከአራጣ ይልቅ በምትተማመኑ ጎረቤቶች መካከል የሚጣል እቁብ ይሻላል። የዕለት ራሽናችሁን ግን ለጨርቅ አትሽጡ። ሥራውን በአንድ ሱሪ ጀምሩ፤ ሁለተኛውን የመጀመሪያው ይግዛው።