የአሮጌ መኪና የመሳቢያ ቱቦዎች፤ የትኛው ይቅር፤ የትኛውስ ይወገድ

በየወረዳው ለእርሻና ለከብት ሥራ ተሹማችሁ የምትደክሙ ሁሉ እንደምታውቁት፤ የከብት ክትባት በበረዶ ሣጥን የጫነ መኪና በመንገድ ቢቆም ጉዳቱ ለመኪናው ብቻ አይደለም። ክትባቱ ይሞቃል፤ ገበሬውም ከብቱን አሰልፎ በከንቱ ይውላል። ስለዚህ አሮጌ መኪና በምን ምክንያት እንደሚታወክ መረዳት ከሹሙም ይፈለጋል።

ለምሳሌ 22 አር የሚባለውን የቶዮታ ሞተር እንመልከት። ይህ ባለ 4 ሲሊንደር፤ 2.4 ሊትር የሆነ የቤንዚን ሞተር፤ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1981 ዓመት ጀምሮ በፒክአፕ መኪናዎች ላይ ሲገጠም ነበር። የአሜሪካ መንግሥት በ1970 ስለ አየር ንጽሕና ሕግ ካወጣ ወዲህ፤ ለዚያ አገር በተሠሩት መኪናዎች ላይ የጢሱን ጉዳት የሚቀንሱ ብዙ መሣሪያዎች ተጨመሩ። እነዚህም ሞተሩ አየር ሲስብ ከሚፈጥረው ኃይል ጋራ በቀጫጭን የጎማ ቱቦዎች የተያያዙ ናቸው። ዘመን ሲረዝም ጎማው ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ያልተለካ አየር ይገባል፤ ሞተሩም በሚኒሞ ሲሠራ ይንቀጠቀጣል፤ ይጠፋልም።

የቀድሞው ካርቡራተር አርጅቶ ዌበር 32/36 የተባለው ሲተካ፤ ከቱቦዎቹ ብዙዎቹ ሥራ ያጣሉ። የአሮጌውን ካርቡራተር የአየር መዝጊያ ይከፍቱ የነበሩት፤ የደጋውንም ስስ አየር ያስተካክሉለት የነበሩት ይውጡ። ነገር ግን በማኒፎልዱ ላይ የቀረው አፋቸው ሁሉ በጠንካራ የጎማ ክዳን ይደፈን። መካኒኩም ከመንቀሉ አስቀድሞ በእያንዳንዱ ቱቦ ላይ ቁጥር ይሰር፤ ሥዕሉንም በወረቀት ይንደፍ።

ሊወገዱ የማይገባቸው 4 ናቸው።

1ኛ፤ ከማኒፎልድ ወደ ፍሬኑ ማገዣ የሚሄደው ወፍራም ቱቦ፤ ከነቫልቩ።

2ኛ፤ ከሞተሩ ሆድ የሚወጣውን ትንፋሽ ወደ ማኒፎልድ የሚመልሰው። ይህ ቢደፈን ግፊቱ ዘይቱን በየመጋጠሚያው ያፈሰዋል።

3ኛ፤ ወደ ዲስትሪቢውተር የሚሄደውና የካንዴላውን እሳት የሚያስቀድመው። ይህም በሚኒሞ ጊዜ በማይስበው፤ ነዳጅ ሲሰጥ ግን በሚስበው የካርቡራተር አፍ ላይ ይታሰር።

4ኛ፤ የቤንዚን ታንኩን እንፋሎት ወደ ከሰሉ ቆርቆሮ የሚወስደው። ይህ ክፍት ቢተው የእሳት አደጋ ያመጣል።

ከጢሱ ጥቂቱን ወደ ሞተሩ የሚመልሰው ቫልቭም ደኅና ከሆነ ይቆይ፤ የቃጠሎውን ሙቀት ያበርዳልና። በአሜሪካ አገር እንዲህ ያለውን መሣሪያ መንቀል በሕግ የተከለከለ ነው።

በደጋ አገር ሌላም ነገር ይታሰብ። ደኅና ሞተር በባሕር ጠረፍ በሚኒሞ ሲሠራ የመሳብ ኃይሉ ከ17 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ ይደርሳል፤ ከፍታው በ300 ሜትር በጨመረ ቁጥር ግን 1 ኢንች ያህል ይጎድላል። ስለዚህ በ2,400 ሜትር ላይ ከ9 እስከ 13 ኢንች ቢነበብ፤ ሞተሩ ታመመ ተብሎ አይፈታ። አየሩም ስስ በመሆኑ ቤንዚኑ ይበዛል፤ ጥቁር ጢስም ይወጣል። መድኃኒቱ የካርቡራተሩን የቤንዚን ቀዳዳ በአነስተኛ መለወጥ ነው።

ሥራው ሲያልቅ ሹሙ ራሱ ይፈትን። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ፍሬኑን 5 ጊዜ ይርገጥ፤ በመጨረሻም እግሩን ሳያነሣ ሞተሩን ያስነሣ። ፔዳሉ ጥቂት ዝቅ ካለ ማገዣው ይሠራል፤ ካልወረደ ግን መኪናው ከግቢ አይውጣ። ከጎሐ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ ያለው ቁልቁለት ከ1,000 ሜትር በላይ ነውና፤ ጭነት ይዞ የሚወርድ ሾፌር ሕይወቱ በዚያች አንዲት ወፍራም ቱቦ ላይ ሊንጠለጠል ይችላል።