ጠብታ ሳይታይ የሚጎድል ውሃ

ከደሴ ተነስቶ በጉጉፍቱና በአቀስታ አድርጎ መካነ ሰላም የሚገባ መኪና የውሃ ጀሪካን ሳይዝ መውጣት አይሆንለትም። ጠዋት ራዲያተሩ ይሞላል፣ ማታ ጎድሎ ይገኛል፣ ከመኪናው ስር ግን እርጥበት የለም። ብዙ ሹፌር ነገሩን ለምዶ ውሃ እየጨመረ ይኖራል። ጋራዥ ሲገባም ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ቃል «ቴስታታ ነው» ይሆናል። እኔ ግን ፍለጋው ከራዲያተር ክዳን ይጀመር እላለሁ፤ ምክንያቱ የአገሩ ከፍታ ነው።

ውሃ በባሕር ጠለል በ100 ዲግሪ ይፈላል። 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው መካነ ሰላም በ91 ዲግሪ አካባቢ፣ 3,500 ሜትር በሚደርሰው ደጋ ደግሞ በ88 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የብዙ መኪና ቴርሞስታት መከፈት የሚጀምረው በ82 ወይም በ88 ዲግሪ ነው። ስለዚህ ሞተሩ ገና በጤናማ ሙቀቱ ላይ እያለ ውሃው ለመፍላት ይቃረባል። እንዳይፈላ የሚይዘው ክዳኑ የሚያፍነው ግፊት ነው። አናቱ ላይ 0.9 ተብሎ የተጻፈበት ደህና ክዳን መካነ ሰላም ላይ የውሃውን መፍያ ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ወይም ስፕሪንጉ ከላላ ግን፣ መኪናው ከዓባይ ድልድይ ወደ መካነ ሰላም ረጅሙን ዳገት በከባድ ማርሽ ሲወጣ ውሃው ይፈላና በትርፍ ውሃ መቀበያው በኩል መንገድ ላይ ይቀራል። ቆሞ ሲታይ ጠብታ የሚጠፋውም ለዚህ ነው። ክዳን ከሌሎቹ ዕቃዎች ሁሉ ርካሹ ነው፤ ቀድሞ ይለወጥ።

ክዳኑ ደህና ከሆነ ቀጣዩ የውጭ ፍሳሽ ነው። ሞተር ሲሞቅ ትንሽ ጠብታ ወዲያው ስለሚተን፣ መታየት ያለበት ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ነው። በውሃ ጎማዎቹ መጋጠሚያ፣ በራዲያተሩ ጎንና በውሃ ፓምፑ ስር ባለችው ትንሽ ቀዳዳ ዙሪያ የደረቀ ነጭ፣ አረንጓዴ ወይም ዝገት የመሰለ ዱካ ይፈለጋል። ከፓምፑ ቀዳዳ ዱካ መውረዱ የውስጥ ማኅተሙ ማለቁን ይናገራል። በእጅ የሚሠራ የግፊት መሞከሪያ ፓምፕ ያለው ጋራዥ ከተገኘ፣ በክዳኑ ላይ በተጻፈው ልክ ግፊት ሰጥቶ ሩብ ሰዓት መጠበቅ ነው፤ ግፊቱ ከወረደ ውሃው የሆነ ቦታ እየወጣ ነው። የጋቢና ማሞቂያም አይረሳ፦ መስተዋቱ ቅባት ባለው ጉም ከተሸፈነና የእግር ምንጣፉ ከራሰ ፍሳሹ እዚያ ነው።

ቴስታታ የመጨረሻው ተጠርጣሪ ነው። እዚህ ላይ ደጋው ያሳስታል። በውርጭ ጠዋት ከማርሚታ የሚወጣ ነጭ እንፋሎት ከደህና ሞተርም ይወጣል፤ በዘይት መሙያ ክዳን ስር የሚታይ ወተት መሰል ነገርም አጭር መንገድ ብቻ በሚሄድ መኪና ላይ ከብርዱ ሊመጣ ይችላል። የቴስታታውን ጓርኒሲዮን የሚያስጠረጥረው ሞተሩ በደንብ ሞቆም የማይቆም ነጭ ጭስ፣ በዘይት መለኪያው ላይ የታየ ወተት፣ ራዲያተሩ ውስጥ ሳያቋርጥ የሚወጣ አረፋ፣ ወይም ሌሊቱን አድሮ ጠዋት ገና ግፊት ይዞ የተወጠረ የውሃ ጎማ ነው። እነዚህ ሳይታዩ ቴስታታ ማስፈታት የባለመኪናውን ገንዘብ ማባከን ነው።

በጀሪካን የሚጨመረው የምንጭ ወይም የጉድጓድ ውሃም ራሱ ጥፋት ያመጣል። ዝገትና ደለል ያከማቻል፤ ውርጭ በበረታበት ሌሊት ደግሞ በረዶ ሲሆን በመጠን አንድ አሥረኛ ያህል ስለሚሰፋ ብረት ይሰነጥቃል። ከተጣራ ውሃ ጋር እኩል የተደባለቀ ኩላንት ከዜሮ በታች 35 ዲግሪ ድረስ አይረጋም፣ ዝገትም ይከላከላል። ጣፋጭ መርዝ ስለሆነ ግን ውሻና ከብት በሚደርሱበት ቦታ አይደፋ።

በዚህ መንገድ የምትነዱ ሁሉ፦ በጋለ ሞተር ላይ ክዳን አትክፈቱ፣ ቀዝቃዛ ውሃም አታፍስሱበት። ነገ ጠዋት፣ ሞተሩን ከማስነሳታችሁ በፊት፣ ክዳኑን አውጥታችሁ ጎማውን እዩት።