ቅዳሜና እሁድ ሱሉልታ ለልምምድ ለምትወጡ

ሳምንቱን ሙሉ ወንበር ላይ ውለን ቅዳሜ ሱሉልታ ላይ መሮጥና ብስክሌት መንዳት የሚያምረን ብዙ ነን። ጥሩ ነው፤ ግን ይህን እወቁ።

ሱሉልታ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ነው። በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን በባሕር ወለል ከፍታ ላይ ከሚገኘው በሩብ ገደማ ያንሳል። አትሌቶቻችን እዚያ የሚለማመዱት ሰውነታቸው ቀይ የደም ሴል እንዲያበዛ ነው። ይህ ግን ሳምንታት ይፈልጋል፤ በሁለት ቀን አይመጣም። ስለዚህ እያወራችሁ መሮጥ በምትችሉት ፍጥነት ሂዱ።

ያልለመደ ጡንቻ በአንዴ ከአቅሙ በላይ ሲሠራ ሊፈራርስ ይችላል። ያኔ ማዮግሎቢን የሚባል ፕሮቲን ወደ ደም ገብቶ ኩላሊትን ይጎዳል። ምልክቶቹ፦
✅ ከባድ የጡንቻ ሕመምና እብጠት
✅ አቅም ማጣት
✅ ኮካ ኮላ የመሰለ ሽንት

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ «ሰውነቴ ተሰባበረ» ብሎ ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን መዋጥ ነው። ውኃ ያነሰው ሰውነት ላይ እነዚህ መድኃኒቶች ኩላሊትን ይበልጥ ይጎዳሉ።

ሽንታችሁ ከጠቆረ «ሰኞ እታያለሁ» አትበሉ፤ የዛኑ ቀን ሆስፒታል ሂዱ። ቶሎ ከተደረሰበት በደም ስር በሚሰጥ ፈሳሽ ይታከማል። እየሮጣችሁ ደረታችሁን ካመማችሁ ወይም ራሳችሁን ከሳታችሁም እንዲሁ።

አብሯችሁ ለሚሮጥ ጓደኛ ሼር አድርጉለት። መልካም ልምምድ!