ዲናሞ ሚንስክ፦ ከመንግሥት ጋር የወጣና የወረደ የሆኪ ክለብ

በቤላሩስ ዋና ከተማ የሚገኘው ዲናሞ ሚንስክ የበረዶ ላይ ሆኪ ክለብ ስሙን ደጋግሞ የቀየረ፣ አንድ ጊዜም ጠፍቶ እንደገና የተቋቋመ ክለብ ነው። ታሪኩን ለመረዳት ከውጤቱ ይልቅ በየዘመኑ ማን ያስተዳድረው እንደነበር መመልከት ይጠቅማል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የበረዶ ላይ ሆኪ እያንዳንዱ ቡድን ግብ ጠባቂውን ጨምሮ 6 ተጫዋቾችን አሰልፎ፣ ከጠንካራ ጎማ የተሠራ ጠፍጣፋ ክብ ነገር በዱላ እየመታ በሦስት የ20 ደቂቃ ክፍለ ጊዜያት የሚያካሂደው ጨዋታ ነው።

በሶቪየት ኅብረት ዘመን ክለቦች የሚሰየሙት በባለቤታቸው ነበር። የሚንስኩ ቡድን መጀመሪያ የተጠራበት ቶርፔዶ የአውቶሞቢል ኢንዱስትሪ ሠራተኞች የስፖርት ማኅበር ስም ሲሆን፣ በ1976 የወሰደው ዲናሞ ደግሞ በ1923 የተመሠረተው የጸጥታና የፖሊስ አካላት ማኅበር ስም ነው። ቡድኑ በ1980ዎቹ ወደ ከፍተኛው ዲቪዚዮን ለመግባት ቢችልም የሞስኮ ታላላቅ ክለቦችን ለመገዳደር ግን አልበቃም።

ሶቪየት ኅብረት ከፈረሰች በኋላ የዲናሞ ስም ቀርቶ ቡድኑ ቲቫሊ ተባለ። ቲቫሊ የአዲሲቱን ሀገር የመጀመሪያ ሻምፒዮናዎች በተከታታይ ቢያሸንፍም፣ በ2000 ካነሳው ዋንጫ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ከመድረኩ ጠፋ። ዲናሞ እንደገና የተቋቋመው በ2003 ሲሆን፣ በ2007 የሀገሪቱ ሻምፒዮን ሆኗል። ፕሬዚዳንት አሌክሳንደር ሉካሼንኮ ራሳቸው ሆኪ ተጫዋች በመሆናቸው መንግሥት ለስፖርቱ የሰጠው ትኩረት ከፍተኛ ነበር። ክለቡ በ2008 የኮንቲኔንታል ሆኪ ሊግ መሥራች አባል ሆነ፤ በታኅሣሥ 2009 በስዊዘርላንድ ዳቮስ የስፔንግለር ዋንጫን አነሳ፤ በቀጣዩ ወርም ከ15 ሺህ በላይ ተመልካች የሚይዘው ሚንስክ አሬና በይፋ ሥራ ጀመረ።

በክለቡ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የሚከብደው ቀን ግን ዲናሞ ያልተጫወተበት ነው። መስከረም 7 ቀን 2011 የሩሲያው ሎኮሞቲቭ ያሮስላቭል ቡድን በማግሥቱ በሚንስክ ከዲናሞ ጋር የውድድር ዘመኑን የመክፈቻ ጨዋታ ለማድረግ ጉዞ ጀመረ። ሁለቱ ክለቦች ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ በጥሎ ማለፍ ተገናኝተው ስለነበር ጨዋታው በጉጉት ይጠበቅ ነበር። ያክ-42 አውሮፕላኑ ከያሮስላቭል አየር ማረፊያ እንደተነሳ ተከሰከሰ፤ ከተሳፈሩት 45 ሰዎች 44ቱ ሕይወታቸው አለፈ። አደጋውን የመረመረው አካል፣ አውሮፕላኑ በመንደርደር ላይ ሳለ ከአብራሪዎቹ በኩል ፍሬን ተረግጦ እንደነበር አረጋግጧል። ዜናው በተሰማ ጊዜ በኡፋ ከተማ እየተካሄደ የነበረው የሊጉ ጨዋታ ተቋረጠ። በሚንስክ አሬናም በማግሥቱ በጨዋታው ፈንታ የመታሰቢያ ሥነ ሥርዓት ተከናወነ።

ከሟቾቹ አንዱ የሚንስክ ተወላጁ ሩስላን ሳሌይ ነበር። በወጣትነቱ በዲናሞና በቲቫሊ የተጫወተው ይህ ተከላካይ በሰሜን አሜሪካ ሊግ ከ900 በላይ ጨዋታዎችን ካደረገ በኋላ ሎኮሞቲቭን የተቀላቀለው በዚያው ክረምት ነው። ወደ ትውልድ ከተማው የተመለሰው ለቀብር ሆነ።

ሚንስክ በ2014 ያስተናገደችውን የዓለም ሻምፒዮና 640 ሺህ ያህል ሰው ተመልክቶታል፤ ይህም በወቅቱ የውድድሩ ክብረ ወሰን ነበር። ለ2021 የተሰጣት ተመሳሳይ መስተንግዶ ግን ተነጠቀ። ከነሐሴ 2020 ምርጫ በኋላ በተነሳው ተቃውሞና በተወሰደው የኃይል እርምጃ ሳቢያ ስፖንሰሮች ለመውጣት ሲያስጠነቅቁ፣ ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን በጥር 2021 ውድድሩን ከሚንስክ አነሳ፤ ውድድሩም በላትቪያዋ ሪጋ ተካሄደ። ቀደም ሲል የዲናሞ ዳይሬክተር የነበሩት የሀገሪቱ ፌዴሬሽን ኃላፊ ዲሚትሪ ባስኮቭም በዚያው ዓመት ለአምስት ዓመት ታገዱ። በመንግሥት ድጋፍ የተገነባው ስፖርት የፖለቲካውንም ዕዳ መክፈሉ አልቀረም።

በየካቲት 2022 የዩክሬን ጦርነት ሲቀሰቀስ የቤላሩስ ብሔራዊ ቡድኖች ከዓለም አቀፍ ውድድሮች ታገዱ፤ የፊንላንዱና የላትቪያው ክለቦችም ሊጉን ለቀው ወጡ። አብዛኛው አባሉ ሩሲያዊ በሆነው ሊግ የቀረው ዲናሞ፣ ሊጉ ከተመሠረተበት ከ2008 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የጥሎ ማለፉን የመጀመሪያ ዙር ያለፈው በ2025 ነው።