ጎብኚ፣ መንገደኛ፣ እንግዳ፦ ያለ ጥድፊያ በመኖሪያ መኪና መጓዝና የተደራጀ ጉብኝት



የዛሬው ርዕሴ በሁለት የውጭ አገር ጉዞ ዓይነቶች መካከል ያለው ልዩነት ነው። አንደኛው በአስጎብኚ ድርጅት ተዘጋጅቶ፣ ሰዓቱ ተቆርጦ፣ በአውቶቡስና በሆቴል የሚካሄደው የቡድን ጉብኝት ነው። ሁለተኛው በአውሮፓ፣ በሰሜን አሜሪካና በኒው ዚላንድ የተለመደው፣ አልጋ፣ ማብሰያና መጸዳጃ ባለው ተሽከርካሪ፣ ሞተርሆም በሚባለው የመኖሪያ መኪና፣ ቀን ሳይቆጥሩ ከአገር ወደ አገር መዘዋወር ነው።

ክርክሩ ብዙውን ጊዜ የሚቀርበው እንዲህ ነው፦ የመጀመሪያው አገርን ላይ ላዩን ያሳያል፤ ሁለተኛው ጠልቆ ያሳውቃል። እኔ በዚህ አከፋፈል ሙሉ በሙሉ አልስማማም። የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፦ ዝግታ ለተጓዡ ጊዜ ይሰጠዋል፤ ጊዜውን ወደ ዕውቀት የሚለውጠው ግን ተጓዡ የአገሬው ሰው ፈላጊ መሆኑ ነው። ይህን ለማስረዳት ከሁለቱም የጉዞ ዓይነቶች አመጣጥና አሠራር እነሳለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የተደራጀ ጉብኝት ታሪክ ሲወሳ በተለምዶ የሚጠቀሰው ሐምሌ 5 ቀን 1841 ነው። በዚያ ዕለት ቶማስ ኩክ የተባለ እንግሊዛዊ፣ የመጠጥ መታቀብ ሰባኪ፣ 500 ያህል ሰዎችን በባቡር ከሌስተር ወደ ላፍቦሮ ለስብሰባ ወሰደ። ክፍያው ለአንድ ሰው አንድ ሽልንግ ነበር። ኩክ በኋላ ያሰፋው ሥራ መሠረቱ ያን ጊዜ ተጣለ፤ ብዙ ሰው በአንድነት ሲጓዝ ዋጋው ይረክሳል፤ የማያውቁት አገር የሚያሳድረውን ሥጋትም አዘጋጁ ይሸከመዋል። ከዚያ በፊት ለመዝናናት ወደ ውጭ አገር መሄድ በአመዛኙ የባለጸጎች ዕድል ነበር። የተደራጀው ጉዞ ለመካከለኛው መደብና ብቻቸውን መጓዝ ይከብዳቸው ለነበሩ ሴቶች በር ከፈተ። በመሆኑም የቡድን ጉብኝትን የሚነቅፍ ሰው አስቀድሞ ይህን ውለታውን ማወቅ ይገባዋል።

የነቃፊዎቹ ድምፅ ግን ጠንካራ ነው። አሜሪካዊው የታሪክ ምሁር ዳንኤል ቦርስቲን በ1960ዎቹ መጀመሪያ በጻፈው መጽሐፍ የጥንቱን መንገደኛ ከዘመኑ ቱሪስት ጋር አነጻጽሮ፣ የመጀመሪያው ሠሪ ሁለተኛው ተቀባይ ብቻ ነው የሚል ክርክር አቀረበ። ዲን ማካኔል ደግሞ በ1976 ባሳተመው ሥራው ተቃወመው፤ ቱሪስቱም ቢሆን እውነተኛውን ሕይወት ይሻል፤ የሚቀርብለት ግን ለእሱ ተብሎ የተሰናዳ ገጽታ ነው አለ። ሁለቱም ትኩረታቸው የተጓዡ መንፈስ ላይ ነው። እኔ ግን ከመንፈሱ ይልቅ ሰዓቱን ማን እንደሚቆጣጠረው መመርመር ይበልጥ ያስተምራል እላለሁ።

አንድ ምሳሌ ልውሰድ። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ መሠረት የአስጎብኚ አውቶቡስ ሹፌር አራት ሰዓት ተኩል ከነዳ በኋላ ቢያንስ 45 ደቂቃ ማረፍ አለበት። የቀን የመንዳት ጣሪያው 9 ሰዓት ነው፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ ብቻ ወደ 10 ሰዓት ከፍ ሊል ይችላል። መኪናው ውስጥ የተገጠመው ታኮግራፍ የተባለ መሣሪያ ይህን ሁሉ ይመዘግባል። እንግዲህ ቡድኑ በአውራ ጎዳና ዳር ነዳጅ ማደያ ቆሞ ቡና ሲጠጣ፣ ማረፊያውን በብዙ የመረጠው የሹፌሩ የሥራ ሕግ ነው፤ መልክዓ ምድሩ ወይም የተጓዡ ፍላጎት አይደለም። ሕጉ ተገቢ ነው፤ የሰው ሕይወት ይጠብቃል። ነገር ግን የሆቴሉ የመግቢያ ሰዓት፣ የሙዚየሙ የቡድን ተራና የምግብ ቤቱ ቀጠሮ ሲጨመሩበት፣ የጉብኝቱ ቀን ከተለያዩ ድርጅቶች ሰዓት የተሰፋ ልብስ ይሆናል። ተጓዡ የገዛው እርግጠኝነትን ነው፤ የከፈለውም በሰዓቶቹ ነው።

የመኖሪያ መኪናው ውል የዚህ ግልባጭ ነው፤ ሰዓቱ የተጓዡ ይሆንና ድካሙም የተጓዡ ይሆናል። በታሪኩ መጀመሪያ ላይ ግን ድካሙን የተሸከመው ሌላ ሰው ነበር። ጎርደን ስቴብልስ የተባለ ጡረታ የወጣ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሐኪም በ1885 ለመዝናኛ ተብሎ የተሠራ፣ ሁለት ቶን ያህል የሚመዝን፣ በሁለት ፈረሶች የሚጎተት ቤት አሠርቶ ከደቡብ እንግሊዝ እስከ ስኮትላንዷ ኢንቨርነስ ተጓዘ። ጉዞው ዘገምተኛና ደስታ የሞላበት እንደነበር ራሱ ጽፏል። ነገር ግን ሠረገላ ነጂና አሽከር አብረውት ነበሩ፤ አሽከሩ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት እየጋለበ ከፊት ይቀድምና መንገዱን ያስለቅቅ ነበር። በዚያው አገር የሮማ ቤተሰቦች በፈረስ በሚጎተት ቤት ውስጥ ይኖሩ ነበር፤ እነሱ ግን ካረፉበት ሜዳ ይባረሩ ነበር። በመንኮራኩር ላይ መኖር ለአንዱ መዝናኛ፣ ለሌላው ጥፋት ተደርጎ ተቆጠረ። ዝግታ ሁልጊዜ የሚከፈልበት ነገር ነው፤ ጥያቄው ከፋዩ ማን ነው የሚለው ነው።

ዛሬ ሥራው በራሱ በተጓዡ ላይ ወድቋል። በአውሮፓ ብዙዎቹ የመኖሪያ መኪናዎች በተራ መንጃ ፈቃድ እንዲነዱ ጠቅላላ ክብደታቸው ከ3.5 ቶን እንዳያልፍ ተደርገው ይሠራሉ። ስለዚህ የሚጫነው ሁሉ ይመዘናል። በተለምዶ 100 ሊትር ያህል የሚይዘው የንጹሕ ውኃ በርሜል ሲሞላ 100 ኪሎ ግራም ነው። የመጸዳጃው ተነቃይ ዕቃ 20 ሊትር ያህል ይይዛል፤ ሁለት ሰዎች ቢጠቀሙበት በሁለት ወይም በሦስት ቀን ይሞላል። የዕቃ ማጠቢያው እድፍ ውኃ በተፈቀደ ቦታ መደፋት አለበት። እንግዲህ ነፃ የሚመስለው ተጓዥ በየሁለትና በየሦስት ቀኑ ውኃ ፈላጊና ቆሻሻ ደፊ ነው።

እኔ የዚህ ጉዞ ትልቁ ጥቅም የሚገኘው እዚሁ፣ ማንም በማይመኘው ሥራ ውስጥ ነው እላለሁ። በጀርመንና በፈረንሳይ ብዙ ትናንሽ ከተሞች ለመኖሪያ መኪናዎች ማደሪያ ሜዳ አዘጋጅተዋል፤ በአነስተኛ ክፍያ ውኃ፣ መድፊያና ኤሌክትሪክ ይገኝበታል። ተጓዡ ወደዚያ የሚሄደው ዝነኛ ሕንጻ ስላለ አይደለም፤ ውኃው ስላለቀ ነው። ከዚያ ጠዋት ዳቦ ቤት ይሰለፋል፤ የተበላሸበትን የጋዝ መግጠሚያ የሚያስተካክል ባለሙያ ያፈላልጋል፤ ዝናብ ቢያግተው አንድ ቀን ይጨምራል። አስጎብኚ መጽሐፍ ያልጠቀሳትን ከተማ የሚያውቃት በዚህ መንገድ ነው።

ይሁን እንጂ ይኸው መኪና ተቃራኒውን ሊያደርግ ይችላል። ማቀዝቀዣውን ከአገሩ ሞልቶ የተነሣ፣ የራሱን አልጋ፣ የራሱን ምግብና የራሱን ቴሌቪዥን የያዘ ሰው፣ አምስት አገር አቋርጦ ከአንድ ሰው ጋር ቁም ነገር ሳይነጋገር ሊመለስ ይችላል። ስድስት ወር ቢቆይ እንኳ ቤቱን ከቦታ ቦታ አዛወረ እንጂ አገር አላየም።

ቋንቋችን እዚህ ላይ ይረዳናል። ጎብኚ አለን፣ መንገደኛ አለን፣ እንግዳ አለን። መጎብኘት ባለሥልጣን ሥራን ሲመረምር የምንጠቀምበትም ቃል ነው፤ ከላይ ሆኖ ማየት አለበት። መንገደኛ በመንገዱ የሚታወቅ ሰው ነው። እንግዳ ግን ያለ አስተናጋጅ እንግዳ መሆን አይችልም። በገጠራችን መንገደኛ ከሰው ደጅ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ሲል፣ ከመንገደኛነት ወደ እንግድነት የሚያሻግረው መምሸቱ ነበር። የቡድን ተጓዡ ሆቴሉ አስቀድሞ ስለተያዘለት አይመሽበትም። የመኖሪያ መኪና ባለቤትም ቤቱን ይዞ ስለሚዞር አይመሽበትም። ሁለቱ የሚመሳሰሉት በዚህ ነው፤ ልዩነቱ ሁለተኛው ውኃው ሲያልቅ የሰው ደጅ ለመጥናት መገደዱ ብቻ ነው።

ከአስተናጋጁ ወገን ሲታይም ነገሩ ሚዛን ይሻል። ቬኒስ ግዙፍ የመዝናኛ መርከቦች በከተማዋ እምብርት እንዳያልፉ በ2021 ተከልክሎላታል፤ በ2024 ደግሞ የአስጎብኚ ቡድን ከ25 ሰው እንዳይበልጥና በድምፅ ማጉያ እንዳይመራ ደንግጋለች፤ በተመረጡ ቀናትም ሳያድር ከሚመለስ ጎብኚ 5 ዩሮ ማስከፈል ጀምራለች። ያለ ጥድፊያ የሚጓዙትም ቢሆኑ ከወቀሳ አላመለጡም። ኒው ዚላንድ በ2011 በየሜዳው ማደርን የሚቆጣጠር ሕግ አወጣች፤ በ2023 ባጸደቀችው ማሻሻያ ደግሞ መኪናው ራሱን የቻለ ተብሎ እንዲመዘገብ በቋሚነት የተገጠመ መጸዳጃ እንዲኖረው አዘዘች። ብዛት ካለ ዝግታም ይከብዳል።

የመጨረሻው ነጥቤ እኛን በቀጥታ የሚነካ ነው። የጀርመን ጡረተኛ በመኖሪያ መኪናው ተነሥቶ ነገ የት እንደሚያድር ሳያውቅ እስከ ፖርቱጋል መድረስ ይችላል። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ ሰው ግን ለሸንገን ቪዛ ሲያመለክት የጉዞውን ዓላማ፣ ማደሪያውን፣ የገንዘብ አቅሙንና ወደ አገሩ የሚመለስ መሆኑን ማሳየት፣ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የሕክምና መድን መያዝ ይጠበቅበታል። ቢፈቀድለትም ቆይታው በማናቸውም 180 ቀናት ውስጥ ከ90 ቀን አይበልጥም። ማለትም የቪዛው ሥርዓት ራሱ የተደራጀ ጉብኝት እንዲያዘጋጅ ያስገድደዋል። ስለዚህ የጥድፊያ ጉዞን እንደ ስንፍና፣ የዝግታ ጉዞን እንደ ጥበብ የሚያይ ጽሑፍ ስታነቡ፣ የጸሐፊው ፓስፖርት የየት አገር ነው ብላችሁ ጠይቁ። ያልተወሰነ ሌሊት ለሁሉም እኩል አልተሰጠም።

በጉዞና በቱሪዝም ላይ ጥናት ለመሥራት የምታስቡ ተማሪዎች ማናቸውንም ጉዞ በሦስት ጥያቄዎች እንድትመረምሩ እመክራለሁ። ሰዓቱ የማን ነው? ድካሙን የሚሸከመው ማን ነው? ተጓዡ የአገሬውን ሰው የሚፈልገው በምን ጊዜ ነው? ሦስተኛው ጥያቄ መልስ ከሌለው፣ የቀኑ ብዛት ብቻውን ብዙ አያስተምርም። መልስ ካለው ግን፣ ከቡድኑ ተለይቶ በተሰጠችው የአንድ ሰዓት ዕረፍት ጫማውን ሊያሰፋ ወደ ጎዳና የወጣ ሰው እንኳ፣ አንድ ወር በመኪናው ውስጥ ተዘግቶ ከከረመው የበለጠ አገር አይቷል።