መከታው ለማን ነው? የኤውሮፓ ሞተረኞችና የመንገድ ዳር የብረት መከታ ጥያቄ

ከመንገድ የሚወጣውን ተሽከርካሪ ከገደል፣ ከወንዝ ወይም ከፊት ለፊት ከሚመጣው ተሽከርካሪ የሚያግድ መከታ በመንገድ ዳር መትከል የመሐንዲሶች የተለመደ ሥራ ነው። ይህም መከታ የብዙ ሰዎችን ሕይወት እንዳተረፈ የሚካድ አይደለም። ነገር ግን ያው መከታ በአውቶሞቢል ውስጥ ለተቀመጠው ሰው አዳኝ ሲሆን፣ በሞተር ብስክሌት ላይ ለተቀመጠው ሰው ገዳይ ሊሆን ይችላል። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው ይህ ተቃራኒ ነገር ከምን እንደሚመጣ፣ የኤውሮፓ ሞተረኞች በማኅበር ተሰባስበው ምን እንደ ጠየቁና ጥያቄያቸው እስከ ምን ድረስ እንደ ተፈጸመላቸው ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በኤውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

1. የአደጋው ጠባይ

የተለመደው የብረት መከታ ሁለት ክፍሎች አሉት። አንደኛው ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ በአግድም የተዘረጋው የተጣጠፈ ላሜራ ነው። ሁለተኛው ላሜራውን ተሸክሞ በመሬት ውስጥ የተተከለው ቋሚ ብረት ነው። አውቶሞቢል በሚገጨው ጊዜ ላሜራው ይለጠጣል፣ ቋሚዎቹም ይጐብጣሉ፤ የግጭቱ ኀይል በረጅም ርቀት ላይ ተከፋፍሎ ይደክማል፤ ተሽከርካሪውም ወደ መንገዱ አቅጣጫ ይመለሳል። በሰውዬውና በመከታው መካከል የአውቶሞቢሉ አካል፣ መቀመጫውና ቀበቶው አሉ።

ሞተረኛው ግን ይህ ሁሉ የለውም። ከራስ ቁሩና ከልብሱ በቀር በአካሉና በብረቱ መካከል የሚገባ ነገር የለም። ግጭቱም በሁለት መንገድ ይደርስበታል። አንደኛው፣ ሞተሩ ሳይወድቅ እንደ ቆመ መከታውን ሲመታ ነው፤ በዚህ ጊዜ ሰውዬው ከኮርቻው ተነሥቶ በመከታው አናት ላይ ይወረወራል፣ ወይም በአናቱ ጠርዝ ላይ እየተፋተገ ይሄዳል። ሁለተኛው፣ በኩርባ ላይ ጎማው ከድቶት ሲወድቅና በአስፋልቱ ላይ እየተንሸራተተ በላሜራው ሥር ሲገባ ነው፤ ያን ጊዜ የሚያገኘው ቋሚውን ብረት ነው። አንድ ቶን የሚመዝን አውቶሞቢል ቋሚውን ያጐብጠዋል፤ ሰባ ወይም ሰማንያ ኪሎ የሚመዝን ሰው ግን ራሱ ይሰበራል። በጀርመን አገር ዴክራ የተባለው ድርጅት በመረመራቸው 57 የመከታ አደጋዎች ውስጥ ግማሽ ያህሉ ሞተሩ እንደ ቆመ፣ ከቀሩትም አብዛኞቹ እየተንሸራተቱ የደረሱ ሆነው ተገኝተዋል። ስለዚህ ከሁለቱ አንዱን ብቻ የሚመለከት መድኀኒት ግማሽ መድኀኒት ነው።

የጉዳቱን መጠን ለማየት የአሜሪካን አገር ቍጥር መመልከት ይበቃል። የቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት እንደሚያስረዳው፣ በ2005 ዓ.ም. የመንገድ ዳር መከታ በመግጨት ከሞቱት ሰዎች መካከል 224ቱ ሞተረኞች ሲሆኑ፣ በአውቶሞቢል ተሳፍረው የሞቱት 171 ነበሩ። ሞተር ብስክሌት ከአገሩ ተሽከርካሪ ሁሉ 2 በመቶ ያህል ብቻ ሳለ፣ ከሟቾቹ 42 በመቶ የሚሆኑት ሞተረኞች ነበሩ ማለት ነው።

2. ለምን ሳይታሰብበት ቀረ?

ይህ የሆነው መሐንዲሶቹ በሰው ሕይወት ስለ ጨከኑ አይደለም። ምክንያቱን ከፈተናው ሥርዓት ውስጥ እናገኘዋለን። በኤውሮፓ አንድ መከታ ከመተከሉ በፊት ኢ.ኤን. 1317 በተባለው ደረጃ መሠረት ይፈተናል። የዚህ ደረጃ የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች በ1998 ዓ.ም. ወጡ። በፈተናው 900 ኪሎ ከሚመዝን ትንሽ አውቶሞቢል ጀምሮ 38 ቶን እስከሚመዝን ተሳቢ ካሚዮን ድረስ መከታውን እንዲገጩ ይደረጋል። በተሽከርካሪዎቹ ዝርዝር ውስጥ ግን ሞተር ብስክሌት አልነበረም። ያልተፈተነ ነገር አይለካም፤ ያልተለካም ነገር በሒሳብ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ አንድ መከታ ፈተናውን በሙሉ አልፎ “አስተማማኝ” የሚል ስም ሲሰጠው፣ ለሞተረኛው ምን እንደሚያደርግ ማንም የጠየቀ አልነበረም።

3. የማኅበራቱ ሥራ

“ድር ቢያብር አንበሳ ያስር” እንደሚባለው፣ ጥያቄውን ያነሡት በየአገሩ የተሰባሰቡት ሞተረኞች ናቸው። በፈረንሳይ አገር በትልልቅ ሞተሮች ላይ የተጣለውን ዓመታዊ ግብር በመቃወም ከተደረገው ሰልፍ በ1980 ዓ.ም. “የተቈጡ ሞተረኞች ፌዴሬሽን” ተወለደ። ይህ ማኅበር በቍጣ ብቻ አልቀረም፤ በ1983 ዓ.ም. የሞተረኞች የመረዳጃ ኢንሹራንስ አቋቋመ፣ ስለ መከታዎቹም አደገኛነት ያለማቋረጥ አመለከተ። በ1999 ዓ.ም. መንግሥቱ ባወጣው መመሪያ፣ በጠባብ ኩርባዎች ውጫዊ ዳር የሚተከሉ መከታዎች ለሞተረኞች የግርጌ ከለላ እንዲኖራቸው ታዘዘ።

የግርጌ ከለላ ማለት ከላይኛው ላሜራ ሥር እስከ መሬት አጠገብ የሚወርድ ሁለተኛ ላሜራ ነው። እየተንሸራተተ የመጣው ሰው ቋሚውን በመምታት ፈንታ በለሰለሰው ገጽ ላይ ተንሸራትቶ ያልፋል። በጀርመን አገር ሜርዚ የተባለው ማኅበር ገንዘብ እየለመነ አደገኛ በሆኑ ኩርባዎች ላይ ይህን ከለላ ያስተክላል። በእስፔን ደግሞ በ2005 ዓ.ም. የፈተና ደረጃ ወጣ። በዚህ ፈተና አንድ የሰው አምሳያ በጀርባው ተኝቶ፣ ራሱን አስቀድሞ፣ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በ30 ዲግሪ አንግል ወደ መከታው ይለቀቃል፤ በራሱና በአንገቱ ላይ የሚደርሰውም ኀይል ይለካል።

በ1998 ዓ.ም. የተመሠረተውና በብራስልስ የሚሠራው የኤውሮፓ ሞተረኞች ማኅበራት ፌዴሬሽን ይህን ዐይነት ፈተና ለኤውሮፓ ሁሉ እንዲሆን ጠየቀ። በ2012 ዓ.ም. የኢ.ኤን. 1317 ስምንተኛ ክፍል ተዘጋጅቶ ወጣ። ሆኖም የወጣው ሙሉ ደረጃ ሆኖ ሳይሆን “ቴክኒካዊ ዝርዝር” በሚል ስም ነው፤ ስለዚህ መንግሥታት ቢወዱ ይሠሩበት፣ ባይወዱ ይተዉት ነበር። ከዚህም በቀር የሚፈትነው ተንሸራትቶ የሚመጣውን ሰው ብቻ ነበር፤ ቀድሞ የጠቀስነው በመከታው አናት ላይ የሚወረወረው ሰው ከፈተናው ውጭ ነበር።

ሌላ መንገድ የተከተሉት የኖርዌይ ሞተረኞች ናቸው። ማኅበራቸው ከመንገድ ባለሥልጣኑ ጋራ ተቀምጦ መሥራትን መረጠ። በ2008 ዓ.ም. በቴሌማርክ አውራጃ በሊፍየል ተራራ ላይ ለሞተረኞች ተብሎ የተሻሻለ መንገድ ተከፈተ። በዚያ መንገድ ዳር የነበሩት አደገኛ ነገሮች ተነሥተዋል፣ እይታን የሚጋርደው ቍጥቋጦ ተመንጥሯል፣ መከታ በግድ በሚያስፈልግበትም ቦታ የግርጌ ከለላ ተጨምሯል። እኛ እንደምናየው የዚህ ሥራ ዋና ትምህርት፣ ከሁሉ የሚሻለው መከታ የማያስፈልግበት መንገድ መሆኑ ነው።

4. የሽቦው ክርክር

ከሁሉ የከረረው ክርክር በሽቦ ገመድ መከታ ላይ የተነሣው ነው። ስዊድን በ1998 ዓ.ም. በየቭሌ አጠገብ ባለው ኢ4 መንገድ ላይ አዲስ ዘዴ ሞከረች፤ ይኸውም መንገዱን በሦስት መሥመር ከፍሎ፣ በመካከሉ የሽቦ ገመድ ዘርግቶ፣ ሁለቱ ወገኖች በየተራ እንዲቀዳደሙ ማድረግ ነው። በእነዚህ መንገዶች ላይ የሚሞተው ሰው በሦስት አራተኛ ገደማ ቀነሰ። ሞተረኞቹ ግን ሽቦውን ፈረንጆች አይብ ከሚቈርጡበት ቀጭን ሽቦ ጋራ እያመሳሰሉ አጥብቀው ተቃወሙት። ኖርዌይም በ2006 ዓ.ም. በመንገዶቿ ላይ አዲስ የሽቦ መከታ እንዳይተከል ወሰነች።

እዚህ ላይ ሁለቱንም ወገን በትዕግሥት መስማት ያስፈልጋል። ሽቦው ሥጋን ይቈርጣል የሚለው ፍርሀት ከባድ ቢሆንም፣ ተመራማሪዎች ያገኙት ዋናው ጉዳት የሚመጣው ከሽቦው ሳይሆን ከቋሚዎቹ መሆኑን ነው፤ ቋሚ ደግሞ በላሜራውም መከታ ላይ አለ። በተጨማሪም ፊት ለፊት ከመጋጨት የሚድኑት በአውቶሞቢል ያሉት ብቻ አይደሉም፣ ሞተረኞችም ጭምር ናቸው። ቢሆንም የሞተረኞቹ ተቃውሞ ከንቱ አልነበረም።

5. መደምደሚያ

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው፣ “ይህ ነገር ደኅንነትን ይጠብቃል” የሚለው ቃል ብቻውን ጎዶሎ መሆኑን ነው። የማንን ደኅንነት? ብሎ መጠየቅ ይገባል። በመቶ ሰዎች መካከል ሁለት ብቻ የሆኑት ሰዎች በአማካዩ ቍጥር ውስጥ ተውጠው ይቀራሉ፤ አማካዩም ሲያምር ሞታቸው አይታይም። እነርሱን የሚያሳይ የራሳቸው ድምፅና ለይቶ የሚቈጥር መዝገብ ነው። ከመካከላችን ነገ መንገድ የሚቀይሱ፣ ደንብ የሚጽፉና ቍጥር የሚሰበስቡ ይኖራሉ። የአንድ ሜትር ላሜራ ዋጋ ከአንድ ሰው አንገት ጋራ በሚዛን ላይ በሚቀመጥበት ሰዓት፣ በፈተናው ዝርዝር ውስጥ ማን እንደ ቀረ አስቀድሞ መጠየቅ የእነርሱ ሥራ ይሆናል።