የኬሞ ቀን ስንቅ

የዳንግላ ታማሚ የኬሞ ቀኑ ጎሕ ሲቀድ መናኸሪያ ላይ ይጀምራል። የካንሰር ክፍል ያለው የባሕር ዳሩ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ከዳንግላ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ከእንጅባራ ደግሞ ወደ 120 ይጠጋል። ነጭ የደም ሴል ከወረደ ሐኪሙ ቀጠሮውን ሊያራዝመው ስለሚችል፣ የደም ምርመራውን ቀድሞ ማስጨረስ ከከንቱ ድካም ያድናል።

ጋቢ ይያዝ። ለእንጅባራ ብርድ ብቻ አይደለም፤ እጅ ሲሞቅና ውሃ በደንብ ሲጠጣ ደም ሥር ቶሎ ይገኛል። እጅጌው ሰፊ ልብስም ለነርሷ ሥራ ያቀላል። መርፌው የገባበት ቦታ ካቃጠለ ወይም ካበጠ ግን «ይለፍ» ብሎ መቻል አያስፈልግም፤ ወዲያው መናገር ነው። ዶክሶሩቢሲን የሚባለው ቀይ መድኃኒት ሽንትን ለአንድ ሁለት ቀን ያቀላል፤ ደም መስሏቸው የሚደነግጡ አሉ።

ምግቡ ቀለል ይበል። የሚወዱትን ወጥ ለዚያ ቀን አለማድረግ ይሻላል፤ አሜሪካዊቷ ተመራማሪ አይሊን በርንስታይን በ1978 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት፣ ከኬሞ በፊት አዲስ ዓይነት አይስክሬም የቀመሱ ሕፃናት በኋላ ያንኑ ጠልተውት ተገኝተዋል።

ጠብታው ሰዓታት ሊወስድ ይችላል። ዳዊት የሚደግም፣ ሬዲዮ የሚሰማ፣ የሚያሸልብ አለ። ጥር 23 የሚከበረውን የአገው ፈረሰኞች በዓል ቪዲዮ ስልክ ላይ ጭኖ መሄድም አይከፋም፤ የፈረስ ወሬ አጠገብ ያለውንም ያናግራል።

ቤት ከተገባ በኋላ ትኩሳት 38 ከደረሰ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ሄዶ «ኬሞ ላይ ነኝ» ማለት ነው።